ስልኩን ከእጃቸው አትቀሚ

ልጄ፣

እንዴት ነሽ? እኛ ደህና ነን። ደሴ እንደምታውቂው ነው፣ ጦሳ ከጠዋት ጀምሮ ጉም ለብሷል፣ እኔም ጋቢዬን ተከናንቤ ነው የምጽፍልሽ። በስልክ ልነግርሽ ሁለቴ ጀምሬ ተውኩት። «እማ ስብሰባ ላይ ነኝ» ትይኛለሽ፣ እኔም ነገሩን ውጬ እቀመጣለሁ።

አዲሱን ሥራሽን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ወረዳ ለወረዳ እየዞርሽ ለሰው ስለ ቴሌብርና ስለ ፋይዳ ልታስተምሪ ነው አሉኝ። አባትሽ ቢኖር ሰፈሩን ሁሉ ያዳርስ ነበር። አላህ ያሳካልሽ። ግን ሳትሄጂ አንድ ነገር አለ። የኮምቦልቻዋ አክስትሽ የነገረችኝ ነው። ልትከስሽ ብላ አይደለም፣ ፊቷ ጠቁሮ አይቼ እኔ ነኝ ያወጣጣኋት።

ለአረፋ ስትመጪ ለልጇ ብር ልትልክ አጠገብሽ ተቀመጠች። ጣቷን ታውቂዋለሽ። አርባ ዓመት ምጣድ ላይ የኖረ ጣት ነው፣ ጫፉ እንደ ጫማ ቆዳ ደርቋል። ስክሪኑን ነካችው፣ እምቢ አለ። እፍ አለችበት፣ በቀሚሷ ጠረገችው፣ ደግማ ነካችው። ያኔ አንቺ «ወዲህ በይው» ብለሽ ከእጇ ላይ ወሰድሽባት። ፒንሽ ስንት ነው ብለሽም ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ጠየቅሻት። እሷም ነገረችሽ። ወዲያው ላክሽና መለስሽላት። ብሩ ደረሰ። አክስትሽ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ለመደወል ካልሆነ ስልኩን አልነካችውም። «ለኔ ዘመኑ አልፎብኛል» አለችኝ፣ ቡናውን እየቆላች፣ ቀና ብላ ሳታየኝ።

ክፉ እንዳልሆንሽ አውቃለሁ። ቸኩለሽ ነው፣ ልትረጃት ነው። ግን ስልኩን ከሰው እጅ አትቀሚ።

ሸዋበር ያሉትን ጡረተኛዋን ጎረቤታችንን ታስታውሻለሽ፣ ትንሽ ሆነሽ ዳቦ የሚሰጡሽን። ስልካቸውን ለአንድ ልጅ እየሰጡ ነበር የሚያስልኩት። ፒኑንም ያውቀዋል። አንድ ቀን የሁለት ወር ጡረታቸው ባዶ ሆኖ ተገኘ። ልጁም ጠፋ። ሰው ሁሉ እሳቸውን ወቀሳቸው፣ እንዴት ለማያውቁት ልጅ ይሰጣሉ እያለ። እኔ ግን አሰብኩት። ማን ነው ስልክ ማለት ለሌላ ሰው የሚሰጥ ነገር ነው ብሎ ያስተማራቸው? እኛው ነን። ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ በየመስኮቱ የሚያስተናግዷቸው ሁሉ «ወዲህ ይበሉት» እያልን እጃቸውን አለመድነው። እጁ ከለመደ በኋላ ሌባው ሲመጣም ይሰጣል።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ። ለአባትሽ ብቻ ነው የነገርኩት።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሐምሌ 1971 ሲጀመር እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ነበር። ወደ ኩታበር በኩል አንዲት መንደር ደረሰኝ። ዘመቻው በመጨረሻ 15 ቋንቋ ደርሷል፣ ከዩኔስኮም ሽልማት አምጥቷል፣ ሲነሳ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። ማታ ማታ በፋኖስ ነበር የምናስተምረው። ከተማሪዎቼ አንድ አዛውንት ነበሩ። ጠመኔ የሚይዙት እንደ ማጭድ ጨብጠው ነው። ገና «ሀ» ሲጀምሩ ቀጭ ይላል፣ ይሰበራል። አንድ ማታ ጋዙ ሊያልቅ ነበርና ቸኮልኩ። ጠመኔውን ከእጃቸው ነጥቄ «እንዲህ ነው እንጂ!» ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። በማግስቱ አልመጡም። ከዚያ በኋላም አልመጡም። ሄጄ አልጠየቅኋቸውም፣ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፣ ሥራው ብዙ ነው አልኩ።

በ1974 ደሴ ሳስተምር አንድ ቀን ከክፍል ስወጣ በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ከአንገታቸው ክታብ ጋር አብሮ የታሰረ ወረቀት ፈትተው ሰጡኝ። ወታደር ልጃቸው የላከው ደብዳቤ ነው። ከወር በላይ ይዘውት ዞረዋል። ለመንደር ሰው እንዳያስነብቡ ክፉ ወሬ ቢሆንስ ብለው ፈሩ፣ እኔ ጋ እንዳይመጡ ደግሞ አፈሩ። ልጁ የጻፈው «ወደ ሰሜን ስናልፍ ታኅሣሥ 12 ደሴ እናድራለን፣ መናኸሪያው ጋ ጠብቀኝ፣ እናቴንም አምጣት» ብሎ ነው። እኔ ያነበብኩላቸው ጥር ውስጥ ነው።

አላለቀሱም። «ደሴ የሚለው የቱ ጋ ነው?» አሉኝ። አሳየኋቸው። በአውራ ጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉትና አጥፈው ወደ ክታቡ መለሱት። ልጁ ከዚያ ዘመቻ አልተመለሰም።

ስለዚህ ሥልጠና ስትሰጪ ጥግ ላይ ዝም ብላ የምትቀመጥ ሴት ካየሽ አትለፊያት። ገብቷት አይደለም ዝም ያለችው። ስልኩ የባሏ ይሆናል፣ ወይ ካርድ የላትም፣ ወይ ጽሑፉን አታነበውም፣ ወይ ከዚህ በፊት አንድ ሰው ስቆባታል። አጠገቧ ተቀመጪ። እጅሽን ጭንሽ ላይ አድርጊ። እንድትሳሳት ተያት። ያቺን ቁጥር ራሷ ትንካት። ደግሜ እልሻለሁ፣ ስልኩን አትቀሚ።

ደግሞ ሁሉንም በአፕ አትጀምሪ። ባለ ቁልፍ ስልክ የያዘው ሰው ብዙ ነው፣ ያለ ኢንተርኔት *127# ብሎ መላክ ይችላል፣ መጀመሪያ እሱን አሳያቸው። መልእክቱ የሚገባው ከ127 መሆኑንም አስለምጂያቸው፣ ከተራ ቁጥር «ብር ገብቶልዎታል» የሚል ሲመጣና ደውለው «በስህተት ነው መልሱልኝ» ሲሉ እንዳይታለሉ። የፋይዳ አሥራ ሁለት አኃዝ በስልክ ብቻ ከሆነ ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋባቸዋል፣ ወረቀት ላይ ይጻፍላቸው። ፒኑ ግን የትም አይጻፍ።

ብራችሁን ሁሉ ስልክ ላይ አድርጉ ብለሽም አታግቢያቸው። በ2014 ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ያለፈብንን አንቺም ነበርሽ፣ አይተሻል። ኔትወርክ የለም፣ ባንክ ዝግ፣ መብራት የለም። ያቺ ጎረቤታችን ከመቀነቷ ፈትታ የሰጠችን ብር ባይኖር ምን እንበላ ነበር? ትንሽ ጥሬ ብር ቤት ይኑር በያቸው። አንቺም ቤትሽ ይኑርሽ፣ እንደሌለሽ አውቃለሁ።

ከበሶው ጋር የሱፍ ሹራብሽን ልኬልሻለሁ። ከመናኸሪያ ዛሬውኑ ውሰጂው፣ አታሳድሪው። ያንን ሳልሽንም ታይው፣ ድምፅሽ ላይ ይሰማኛል። ለአክስትሽ ከዚያ የንባብ መነጽር ግዢላት፣ ሁለት ነጥብ አምስት ነው አለች፣ እንዳትረሺ።

ባለፈው እሑድ ሐረጎን ወርጄ እሷ ጋ ዋልኩ። መጀመሪያ የፊደሉን መጠን አሳደግንላት። ጣቷን በእርጥብ ጨርቅ አስነካኋት፣ ትንሽ ይሻላል ግን ቶሎ ይደርቃል። ከዚያ ራሷ አገኘችው። ትንሿ ጣቷ ምጣድ ብዙም አልነካትም፣ ለስላሳ ናት። በእሷ ስትነካው ወዲያው ታዘዘላት። እንዴት እንደሳቀች ባየሽ! ሁለት ጊዜ ቁጥር ተሳስታ ወጣች። እጄ ሊሄድ ሲል በሌላኛው እጄ ያዝኩት። ወላሂ ከባድ ነው ልጄ፣ ቀላል ነው አልልሽም። ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ፈጀብን።

ነገ ከሰዓት ደግሞ ማንም ሳይኖር ብቻዋን ልትሞክር ነው። አሥር ብር ይገባልሻል። ምንድነው ብለሽ እንዳትደውዪና እንዳታስደነግጫት፣ መልሰሽም እንዳትልኪላት። ዝም ብለሽ ጠብቂ፣ ራሷ ትደውልልሻለች።

እናትሽ
ደሴ