የክፍል አለቃዋ ቀይ እስክሪብቶ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ይህንን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ነገር ለተመልካች ትንሽ ነው። የሦስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው የልጅ ልጄ ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ቀይ እስክሪብቶ እንድገዛላት ጠየቀችኝ። ለምን እንደፈለገችው ስጠይቃት የክፍል አለቃ ሆና መመረጧን፣ መምህርቷ ከክፍል ስትወጣ ወይም ፊቷን ወደ ሰሌዳው ስታዞር የሚያወራ ልጅ ሁሉ በእርሷ እጅ ስሙ እንደሚጻፍ፣ ደጋግሞ ያወራ እንደሆነ ደግሞ ከስሙ አጠገብ በቀይ የኤክስ ምልክት እንደሚደረግበት በኩራት አስረዳችኝ። ሦስት ኤክስ ያለበት ልጅ ምን ይሆናል ብላት «ይንበረከካል» አለችኝ። «አይመታም?» ስላት ትንሽ አሰብ አድርጋ «መምታት ክልክል ነው፤ ግን አንዳንዴ ጎማ አለ» ስትል መለሰችልኝ።

ክልክል ነው፤ ግን አንዳንዴ አለ። ብዙ የሕግ ባለሙያ በረጅም ጽሑፍ የሚያብራራውን ልጅቷ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨረሰችው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 1 (ሠ) ላይ ማንኛውም ሕፃን በትምህርት ቤትም ሆነ በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋም ውስጥ አካሉን ከሚነካ ቅጣት፣ እንዲሁም ከጭካኔና ከኢሰብአዊ አያያዝ ነጻ የመሆን መብት እንዳለው ደንግጓል። ይህ ከተጻፈ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም የልጆችን ሕይወት ለዓመታት የተከታተለው ያንግ ላይቭስ የተሰኘው ጥናት፣ ሕገ መንግሥቱ ከጸደቀ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ የስምንት ዓመት ልጆቻችንን ሲጠይቅ፣ ከየአራቱ ልጆች ሦስቱ ባለፈው አንድ ሳምንት ውስጥ መምህር ተማሪን ሲመታ ወይም በአካል ሲቀጣ ማየታቸውን ተናግረዋል። «እኔ አንበረከክሁ እንጂ አልመታሁም» የሚል መምህርም ቢሆን ከአንቀጹ አያመልጥም፤ ጠጠር ላይ የተንበረከከ ልጅ ጉልበት አካል ነውና።

ቤት ውስጥ ያለው ነገር ሌላ መሆኑን አልክድም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 576 በኃላፊነቱ ሥር ያለን ልጅ የሚያንገላታና የሚደበድብ ሰው እንደሚቀጣ ከደነገገ በኋላ፣ ለመልካም አስተዳደግ ሲባል ከሕግ ሳይወጣ የሚወሰድን የማረሚያ እርምጃ ከዚያ ውጪ ያደርገዋል። ወላጅ ይህችን ቀዳዳ ይዞ ትምህርት ቤት ድረስ ይመጣል። «ዓይኑን ብቻ ተጠንቀቅልኝ እንጂ እንደ ልጅህ ግረፈው» ያላለኝ ወላጅ በጣም ጥቂት ነበር። መምህሩም የወላጅ ፈቃድ ከሕገ መንግሥት የሚበልጥ እየመሰለው ጎማውን ከመሳቢያው ያወጣል።

ያወጣል ያልኩት ስለ ሌላ ሰው እንዳይመስል እኔ ራሴ 31 ዓመት ማስተማሬን፣ ከዚያ ውስጥ የመጀመሪያዎቹን አሥራ ሁለት ዓመታት እየመታሁ ማስተማሬን ልናገር። ያቆምኩት አንቀጽ 36ን አንብቤ አይደለም። በአንድ ወቅት 78 ተማሪዎች የነበሩበት የአምስተኛ ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ወደ ቢሮ ሄጄ ስመለስ አለቃው የረባሾችን ስም ዝርዝር ይሰጠኛል፤ እኔም እየጠራሁ ሰሌዳው ሥር አሰልፋቸውና ኤክስ ለሌለበት አንድ፣ ኤክስ ላለበት እንደ ኤክሱ ብዛት በጎማ መዳፋቸውን እመታለሁ። ማን ምን እንዳደረገ ጠይቄ አላውቅም፤ ወረቀቱ ተናግሯልና። አንድ ቀን ጠዋት ከዝርዝሩ አንድ ስም ሁለት ጊዜ ጠርቼ የሚወጣ ሲጠፋ፣ የተደበቀ መስሎኝ በቁጣ ለሦስተኛ ጊዜ ጠራሁ። ከኋላ አንዷ ልጅ ብድግ ብላ «ቲቸር፣ እሱ ከትናንት ጀምሮ ታሞ ቀርቷል» አለችኝ። ስሙ አጠገብ ሁለት ኤክስ ነበረ።

ክፍሉ ሳቀ፤ እኔ ግን ወረቀቱን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ከሰዓት በኋላ አለቃውንና ጥቂት ልጆችን ለየብቻ ሳነጋግር ነገሩ ተገለጠ። ዝርዝሩ በየቀኑ የሚጻፍ ሳይሆን በአብዛኛው ከትናንቱ የሚገለበጥ ነበር። ከዝርዝሩ ለመውጣትም ዋጋ ተተምኖለት ነበር፦ ግማሽ ቦምቦሊኖ ለአንድ ቀን፣ ያላለቀ እስክሪብቶ ለአንድ ሳምንት። የሚሰጡት ያልነበራቸው ልጆች፣ ያወሩም አያወሩም፣ ቋሚ ተመዝጋቢዎች ነበሩ። ያ ታሞ የቀረው ልጅ ጠዋት ጠዋት ቁርስ እንኳን ሳይበላ የሚመጣ ስለነበር ከሁሉም በላይ ቋሚው እርሱ ነበር። እኔም ለወራት ያህል በየቀኑ የመታሁት ቦምቦሊኖ መግዛት ባለመቻሉ ነበር ማለት ነው። አለቃውን ለመቅጣት እጄን አነሣሁና መልሼ አወረድኩት፤ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነው፣ ብዕሩንም ሥልጣኑንም የሰጠሁት እኔ ነኝ።

«እኛም ተገርፈን ነው ለዚህ የበቃነው» የሚሉ እኩዮቼ ይህንን ሲያነቡ እንደሚቆጡኝ አውቃለሁ። የየኔታን አለንጋም ይጠቅሱልኛል። የኔታን ለማመስገን ባይሆንም፣ የኔታ ቢያንስ የመቱትን ልጅ ንባብ በገዛ ጆሯቸው ሰምተው ነበር፤ በሕፃን እጅ በተጻፈ ወረቀት አልመቱም። ለዚህ ያልበቁትንስ ማን ጠየቃቸው? በዚያ ዓመት መጨረሻ ሮስተር ስሠራ በዘጠኝ ልጆች ስም ፊት «አቋርጧል» ብዬ ጽፌያለሁ፤ ከዘጠኙ ውስጥ ስንቱን ድህነት፣ ስንቱን ጎማዬ እንዳባረረው በሮስተሩ ላይ የሚሞላበት ቦታ አልነበረም። አንዱ ግን ያ ልጅ ነበር።

ወደ ልጅ ልጄ ልመለስ። በማግሥቱ ወደ ትምህርት ቤቷ ሄጄ መምህርቷን አነጋገርኳት። ከልጄ በዕድሜ የምታንስ፣ ድምጿ የሻከረ ወጣት ናት። የክፍሉ ተማሪዎች 64 ናቸው። ያልኳትን ሁሉ በትዕግሥት ከሰማች በኋላ «እሺ አባባ፣ ዝርዝሩን ልተወው፤ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ጀርባዬን ማን ይጠብቅልኝ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። መንግሥት ጎማውን ሲከለክል በምትኩ የሰጣት ነገር የለም፤ ሥልጠናውም በግድግዳ ላይ ከተለጠፈ መመሪያ ብዙም አይርቅም።

እኔ ከዚያ ቀን በኋላ ያደረግሁትን ነገርኳት። ዝርዝሩን ባስቀረሁ በመጀመሪያው ሳምንት ጫጫታው ጣሪያ ነክቶ ነበር። የጫጫታውን ምንጭ ለማወቅ ስል አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ የኋላው ረድፍ ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። ከመስኮቱ የሚገባው የጠዋት ፀሐይ ሰሌዳው ላይ ያርፍና የጠመኔው ጽሑፍ ከግማሽ በላይ አይታይም ነበር። ለካ ከኋላ ያሉት ልጆች የሚያወሩት «ምን ይላል?» እየተባባሉ ኖሯል! ያንን መጋረጃ በሌለው መስኮት ላይ ካርቶን ለጠፍኩበት፤ ረዘም ያለውን ጽሑፍ ደግሞ ልጆቹ ከመግባታቸው በፊት መጻፍ ጀመርኩ፤ ጀርባዬን የምሰጥበት ጊዜ አነሰ። የቀሩትን ወሬኞች አጠገባቸው ሄዶ መቆም ይበቃቸው ነበር። ሁሉም ነገር ተስተካከለ አልልም፤ የቸገረኝ ጊዜ ሞልቷል፣ የጮኽኩበትም ጊዜ አለ።

ለትምህርት ቢሮዎችና ለወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረቶች የማቀርበው ሐሳብ ሁለት ብቻ ነው። ልጅ የልጅን ስም ለቅጣት የሚጽፍበት አሠራር በየትኛውም ክፍል ይቅር፤ አለቃ ጠመኔ ያምጣ፣ ደብተር ይሰብስብ፣ ከዚያ አይለፍ። ሁለተኛው፣ በየትምህርት ቤቱ አንድ የቅጣት መዝገብ ይኑር፤ ማንኛውም መምህር የቀጣውን ልጅ፣ የልጁን ጥፋት፣ ልጁ ስለ ጥፋቱ የሰጠውን ቃልና የተወሰደውን እርምጃ በገዛ እጁ ጽፎ ይፈርምበት፤ ኅብረቱም በየወሩ ይመልከተው። «ጠጠር ላይ አንበርክኬያለሁ» ብሎ በፊርማው የሚያረጋግጥ መምህር ብዙ አይገኝም፤ ጽፎ ከተገኘም ኅብረቱ ያነጋግረዋል።

መምህርቷ የስም ዝርዝሩን ለአንድ ወር ልታቆመው ተስማምታለች። የልጅ ልጄ ሥልጣኗ ስለተቀነሰባት እስካሁን አኩርፋኛለች። ወሩ ሲያልቅ ክፍሉ ጸጥ ብሎም ይሁን ብሶበት የሆነውን ተመልሼ እጽፍላችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ጡረተኛ መምህር፣ ከአዲስ አበባ