ከሱቅ የተገዛ የእንቁጣጣሽ ሥዕል

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፦

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሲሆን፣ ከመገናኛ ታክሲ ተሰልፌ ቤቴ እስክደርስ ስለሚመሽብኝ፣ ለሁለቱ ልጆቼ የሚተርፈኝ ጊዜ እራት ከማቅረብና የቤት ሥራ ከማየት አያልፍም። ባለፈው እንቁጣጣሽ ወንዶቹ ልጆች በየበሩ ይዘውት የዞሩት ሥዕል በሙሉ ከሱቅ የተገዛ መሆኑን ሳይ ግን ሆዴን ባር ባር አለው። በእኛ ልጅነት ሴቶቹ አበባየሆሽ ስንለማመድ፣ ወንድሞቻችን ከነሐሴ ጀምረው አደይ አበባውን፣ ፀሐዩንና መልአኩን በባለቀለም እርሳስ በእጃቸው ይስሉ ነበር (መልአኩ አንዳንዴ ዶሮ ይመስል እንደነበር አልክድም)።

ከዚያ ወዲህ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ቡናው ሲፈላ፣ ቴሌቪዥኑን አጥፍተን ወለሉ ላይ ካርቶን እናነጥፋለን። ልጁ ይስላል፤ እኔና ታላቅ እኅቱ እናቴ ከገጠር በላከችልን ስንደዶና አክርማ እንሰፋለን። ሣሩ ካልራሰ ስለሚሰበር ውኃ የያዘ ሳህን ከአጠገባችን አይጠፋም፤ ወስፌውን ለአሥር ዓመት ልጅ ማስያዝም ልብ ይጠይቃል። እስካሁን የተጠናቀቀው አንዲት የተንጋደደች የስኒ ማስቀመጫ ብቻ ናት። እቃ ያልታጠበበት፣ ልብስ ያልተተኮሰበት እሑድም ብዙ ነው፤ ይህን ባለቤቴ ሳያስታውሰኝ አይውልም።

የብሎካችን የጋራ መጠቀሚያ ቤት ከለቅሶና ከስብሰባ ውጭ ተቆልፎ ስለሚውል፣ የነዋሪዎች ኮሚቴዎች እሑድ እሑድ ለልጆች ቢከፍቱት፣ ጋዜጣዎም ከነሐሴ ጀምሮ ልጆች በእጃቸው ለሳሉት የእንቁጣጣሽ ሥዕል አንድ ዓምድ ቢሰጥ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አክባሪዎ፣
አንዲት እናት
ከየካ አባዶ