ከመፍታታችሁ በፊት ለኩ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በባሕር ዳር ብስክሌት ለሚጠግኑ ባለሙያዎችና አሮጌ ብስክሌታቸውን ለቆራሌው ለመስጠት ላሰቡ ቤተሰቦች የጣሊያንና የእንግሊዝ ብስክሌት ልክ እንደሚለያይ በጋዜጣችሁ በኩል ለማሳሰብ ነው።

አጎቴ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሲሠራ የሚመላለስባት የጣሊያን የእሽቅድምድም ብስክሌት ነበረችው። ፋብሪካው በ1950ዎቹ ዓ.ም. በጣሊያን የጦር ካሳ የተተከለ በመሆኑ፣ ያኔ ልጆች የነበርነው እኛ ብስክሌቷንም የካሳው አካል እናደርጋት ነበር። ባለፈው ዓመት ስረከባት ጎማ፣ ቸርኬ፣ መሪም ሆነ ኮርቻ አልነበራትም፤ የቀረው ቴላዮው (ዋናው የብረት አካሏ)፣ ቱቦው ውስጥ የተጣበቀው የአሉሚኒየም የኮርቻ ዘንግና የፔዳሉ ኩሽኔታ የሚያርፍባቸው ሁለት ክዳኖች ብቻ ነበሩ። ዘንጉን ለስምንት ቀን ማታ ማታ ዘይት እያጠጣሁ አላቀቅሁት። ክዳኖቹን ግን ትልቅ ኪያቤ ስላልነበረኝ ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኳቸው፤ ጥፋቱም የደረሰው እዚያ ነው።

በእንግሊዝ ልክ በተሠራ ብስክሌት በሰንሰለቱ በኩል ያለው ክዳን ጥርሱ (እንደ ብሎን የሚዞርበት ክር) የተገላቢጦሽ ስለሆነ የሚፈታው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። በጣሊያኑ ግን ሁለቱም ክዳኖች ወደ ቀኝ ይጠብቃሉ፣ ወደ ግራ ይፈታሉ። በእንግሊዙ ልክ እጁ የለመደው የጋራዡ ልጅ ኪያቤው ላይ ቧንቧ ቀጥሎ ወደ ቀኝ ሲጫነው፣ የፈታ እየመሰለው ያጠብቀው ነበርና ቀጭን የብረት ብናኝ እንደ ተላጨ ጸጉር ወለሉ ላይ ሲረግፍ አየሁ። ልጁን አልወቅሰውም፤ ልዩነቱን ያስተማረው ሰው አልነበረም። የሚያሳዝነው፣ የእንግሊዙ ጥርስ ሲበላ ክዳኑ የሚገባበትን የቴላዮውን ቤት አስፍቶ በጣሊያን ልክ እንደገና ማውጣት ሲቻል፣ የጣሊያኑ ሲበላ ግን ለእንዲህ ያለ አሮጌ ቤት የሚሆን ከእርሱ የሚሰፋ መደበኛ ልክ አለመኖሩ ነው። ደግነቱ የተበላው የውጭው ጥርስ ብቻ ስለነበረ አንድ የቶርኖ ባለሙያ የቀረውን አጽድቶ አተረፈልኝ። ዛሬ በየጎኑ 11 ባለሩብ ኢንች ኳሶች በግራሶ ተነክረው ያለ አንዳች ድምፅ ይዞራሉ።

ይህን ሁሉ ማስመሪያ ባስቀረው ነበር። የኩሽኔታው ቤት ከግራ ጠርዝ እስከ ቀኝ ጠርዝ 70 ሚሊ ሜትር ከሆነ ጥርሱ በአብዛኛው የጣሊያን ነው፤ 68 ከሆነ የእንግሊዝ መሆኑ ያመዝናል። ዝገቱ በብረት ብሩሽ ሲነሣ ብዙ ጊዜ ክዳኑ ላይ «36 × 24» የሚል ጽሑፍ ይገኛል፤ 36ቱ የክዳኑ ክብ ጥርስ ዲያሜትር በሚሊ ሜትር፣ 24ቱ በአንድ ኢንች ውስጥ ያሉት ጥርሶች ናቸው። የከተማችን የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የሁለቱንም ልክ ጥርስ ማውጫ አስቀምጠው ለጠጋኞች የግማሽ ቀን ሥልጠና ቢሰጡ ወጪው ከባድ አይመስለኝም። በግቢያችሁ ጥግ አሮጌ ቴላዮ ያላችሁም በኪሎ ከመሸጣችሁ በፊት አንድ ጊዜ ለኩት።

የእኔዋ አሁን የጎደላት የኋላ ቸርኬ ነው። ቸርኬው የሚገባበት የኋላ እግሮቿ ክፍተት 126 ሚሊ ሜትር በመሆኑ በኋላ የመጣው 130 ሚሊ ሜትር ሞዞ (የቸርኬው እምብርት) አይገባላትም፤ ቴላዮው የብረት ስለሆነ መለጠጥ ይቻላል ቢሉኝም ከደረሰብኝ በኋላ አልደፈርኩም። ልኩን የያዘ አሮጌ ቸርኬ ያለው አንባቢ በዝግጅት ክፍሉ በኩል ቢያሳውቀኝ በደስታ እገዛለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር