ድምፁን ለአባባ አሰሚያቸው

እህት ዓለም፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። አምስት ወር ሙሉ ዝም ያለ ሰው ሰላምታ ቢያረዝም አያምርበትምና ወደ ነገሬ ልግባ።

መልእክትሽ የደረሰኝ ከሌሊት ሥራ ወጥቼ አውቶቡስ ስጠብቅ ነው። አባባ ደረጃው ስቷቸው መውደቃቸውን ጻፍሽልኝ፤ ቀጥለሽ ደግሞ የቮልሷን ፎቶ ማየትሽን። «ለአባባ ዓይን ሲሆን ታገሡኝ ትላለህ፣ ለዛገ ብረት ግን አላጠረህም» ያልሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። ተናደድኩ። እዚያው አውቶቡስ ውስጥ መልስ ጽፌ ነበር፤ ደግነቱ አልላክሁትም። ቤት ስደርስ ንዴቱ ለቀቀኝና አባባ በየት ጎናቸው እንደወደቁ አለመጻፍሽ ታወሰኝ። ዳሌያቸውን ነው? በእጃቸው ተደግፈው ነው? ይሄን ሳትነግሪኝ ስለ ፎቶ ትጽፊልኛለሽ?

ገንዘቡን ትናንት ልኬዋለሁ። የአባባ ዓይንና የሠርግሽ ለየብቻ ነው፤ እንዳታቀላቅዪው። ቢያጥር ከሠርጉ ይጉደል እንጂ ከዓይናቸው እንዳትነኪ፤ ይሄን በማለቴ እንደማትቀየሚኝ አውቃለሁ። ሐኪሙ የሞራ ግርዶሽ ነው ካለ ተስፋ የሚያስቆርጥ ነገር አይደለም፤ የደፈረሰውን የዓይን ሌንስ አውጥተው በቦታው ሰው ሠራሽ ያስገባሉ። አባባ «የዕድሜ ነው፣ ተዉኝ» ይላሉ። አትስሚያቸው። የመኪናቸው መስታወት እንዲያ ደፍርሶ ቢሆን አንድ ሌሊት አያሳድሩትም ነበር፤ ልክ እንደዚህ ብለሽ ንገሪያቸው።

አሁን የምጽፈውን ግን ለሳቸው አታንብቢላቸው።

ዝም ያልኩት ሥራ አጥቼ ነው። የምሠራበት መጋዘን ብርዱ ሲገባ ሰው ቀነሰ፤ እኔም ከተቀነሱት አንዱ ሆንኩ። አልተራብኩም፣ ሜዳ ላይ አላደርኩም፤ ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ። አሁን ሌላ ሥራ አግኝቻለሁ። ያኔ ግን ስልክ ባነሳ ድምፄ ያሳጣኛል ብዬ ፈራሁ። ዛሬ ነገ ስል ወር አለፈ፤ ወር ሲያልፍ ደግሞ ማፈሩ ተጨመረበት፤ ያፈረ ሰው መደወያውን እያየ ስልኩን መልሶ ኪሱ ይከተዋል።

ቮልሷን ያገኘኋት በዚያው ሰሞን ነው። አልገዛኋትም። ደግሜ ልጻፈው፤ አልገዛኋትም። ከተከራየሁበት ቤት ጀርባ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ ሽማግሌ ጋራዣቸውን እንዳጸዳላቸው ጠየቁኝ። ጥግ ላይ ሸራ የለበሰ ነገር ቆሟል። ሸራው ከኋላ በኩል አጥሮ ሁለቱ የጭስ ማውጫ ቱቦዎች ብቻ ብቅ ብለዋል፤ ሳልገልጣት አወቅኋት። ከኋላ ወንበሩ ሥር ሻንሲው ላይ የተመታውን ቁጥር አቧራውን በእጄ ጠርጌ አየሁት። የ1961 ሞዴል ናት፣ ልክ እንደ አባባ ቮልስ። የነዳጅ መለኪያ የላትም። ነዳጅ ሲያልቅ ተጠባባቂውን የምትከፍተው መክፈቻ ግን ከእግር አጠገብ ቦታዋ ላይ አለች። ታስታውሺያለሽ? መኪናዋ መንገድ ላይ መንተፋተፍ ስትጀምር አባባ ሳይደነግጡ በጫማቸው ጫፍ ገፋ ያደርጓትና መልሳ ትነሣለች፤ አንቺም «ነቃች!» ብለሽ ታጨበጭቢያለሽ። እዚያ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሽማግሌው ምንም አልጠየቁኝም። «ከሠራሃት ያንተ ናት፣ እዚሁም መሥራት ትችላለህ» ብቻ አሉኝ።

ዕቃውን የገዛሁት የሰው መኪና ቅዳሜ ቅዳሜ እየበየድኩ ባገኘሁት ነው። ለእናንተ ከሚላከው አልቀነስኩም። ደግሞስ ብቀንስ? አልጠጣም፣ አላጨስም፣ ከሥራ ወደ አልጋ ከአልጋ ወደ ሥራ ነው ኑሮዬ። በሳምንት አንዲት ቀን እጄ የሚያውቀውን ነገር ቢሠራ ምን አለበት? እዚህ ሌላው ሁሉ ለእጄ ባዕድ ነው። ካቻቢቴ ስይዝ ግን የማን ልጅ እንደሆንኩ አውቃለሁ።

የአባባ ቮልስ በምን ምክንያት እንደተሸጠች አንቺም ታውቂያለሽ፤ በመካከላችን ማንም አንሥቶት አያውቅም እንጂ። እኔ የመጣሁት በእሷ ነው። ገዢው የመጣ ቀን ትርፍ ጎማውን ተሸክሜ ያስረከብኩት እኔ ነኝ። አባባ ቁልፉን ሰጥተው ወደ ቤት ገቡ፤ ወጥተው አላዩአትም፤ ግን ድምጿ ከመንገዱ ማዶ እስኪጠፋ መስኮቱ ጋ ቆመው ሲያዳምጡ ነበር። ከዚያ «የሦስተኛውን ቫልቭ ነገር ሳልነግረው ሄደ» አሉ። ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ስንት ዓመት ሆነው? እኔ ይሄን ዓረፍተ ነገር አንድ ሳምንት እንኳ ረስቼው አላውቅም።

ከዚህ ጀምሮ ለአባባ ነው። ቀስ ብለሽ አንብቢላቸው፤ የዕቃውን ስም ስትሳሳቺ ያርሙሻልና አትናደጂ።

አባባ፣

እንዴት ነዎት? ወደቁ ሲሉኝ ደነገጥኩ። በጠና እንዳልተጎዱ ተስፋ አለኝ። አሁን የማወራዎት ደስ ይልዎታል ብዬ ነው፤ ካላስደሰተዎት እህቴን ያቁሟት።

አንዲት ቮልስ እየሠራሁ ነው፣ ስልሳ አንድ ሞዴል። ሳገኛት ከሩቅ ላያት ደህና ነበረች። እዚህ በብርዱ ጊዜ መንገዱ እንዳያንሸራትት ጨው ይበትናሉ፤ ጨው ያለበት ውሃ በየስፌቱ ገብቶ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። እርስዎ እንዳስተማሩኝ በካቻቢቴው እጀታ ዙሪያዋን አንኳኳሁ። ጤነኛው ላሜራ ይጮሃል፣ ስቱኮ የተሞላው ድምፁ ይታፈናል። በግራ በኩል ከበሩ በታች ያለው ሁሉ ታፈነ። ከኋላ ወንበር ሥር በስተቀኝ ባትሪው የሚቀመጥበት ወለልማ አሲድ በልቶት እጄ ወደ ማዶ አለፈ።

እዚህ ላይ ያጠፋሁትን ልናዘዝ። ከበሩ ሥር ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደው የሞቀ አየር መተላለፊያ አለ አይደል? እኔ አየር ማስተላለፊያ ብቻ መስሎኝ የዛገውን ቆርጬ ጣልኩት። የመኪናዋን አካል ቀጥ አድርጎ የያዘው እሱ ኖሯል። በማግስቱ በሩን ብገፋ አልገጥም አለኝ፤ የበሩ ክፍት ቦታ በአንድ ጣት ያህል ጠቧል። ከመቁረጤ በፊት በሩ ቦታ ላይ አግዳሚ ብረት በይጄ አካሏን ማሰር ነበረብኝ። በክሪክ ቀስ በቀስ እየገፋሁ ወደ ልኳ ለመመለስ ሦስት እሑድ ፈጀብኝ። እርስዎ አጠገቤ ቢሆኑ መቁረጫውን ከእጄ ይነጥቁኝ ነበር። በሩ በመጨረሻ በአንድ ጣት ግፊት ሲዘጋ ያሰማትን ድምፅ ያውቁታል።

ዝገቱን በስቱኮ አልሸፈንኩም። ንጹሕ ብረት እስኪገኝ ቆርጬ አዲስ ላሜራ በየድኩ፤ ስቱኮውን ከላይ በስሱ ለማስተካከል ብቻ ነው የቀባሁት። የብርጭቆ ወረቀቱን ከ80 ጀምሬ ወደ 180፣ ከዚያ ወደ 320 ወረድኩ፤ ሁሌም በእንጨት ላይ ጠቅልዬ ነው፤ ባዶ ጣት ጉድጓዱን ተከትሎ ይወርዳልና። ሲደክመኝ እንደ እርስዎ ዓይኔን ጨፍኜ በመዳፌ እዳስሰዋለሁ። «ዓይን ይሸነገላል፣ መዳፍ አይሸነገልም» ይሉኝ ነበር። በአንድ መከለያ ላይ ዓይኔ ምንም ያላየበትን ወለምታ መዳፌ አገኘው። አባባ፣ እርስዎ ይሄን ሥራ አሁንም መሥራት ይችላሉ።

እዚህ እንደኔ አሮጌ መኪና የሚሠሩ ወጣቶች አውቄያለሁ። ለቮልሷ ብዙ ያስባሉ፤ የፊቷን እግር ዝቅ አድርገን፣ ሰፊ ቸርኬ አግብተን፣ የ1600 ሞተር እንጫንባት ይሉኛል። አልንቃቸውም፤ አንደኛው የሠራት መኪና እንደ ጌጥ ታምራለች፣ ብየዳውም ከኔ ይበልጣል። እኔ ግን 1192 ሲሲዋን ሞተር፣ 34 ፈረስ ጉልበቷን አልቀይርም አልኩ። እሷ አቀበት ላይ በሁለተኛ ማርሽ የምታሰማው ልፋት ለኔ ድካም አይደለም።

ሁለት ነገር ግን ቀይሬያለሁና ይቅር ይበሉኝ። የመጀመሪያው ፍሬኑ ነው። የድሮው ለአራቱም ጎማ አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው፤ አንዱ ቱቦ ከፈሰሰ ሁሉም ይጠፋል። ያን ቁልቁለት አልረሳሁትም። ፔዳሉ ወለል ነክቶ ሲቀር በማርሽ እየያዙ፣ በእጅ ፍሬን እየጎተቱ አቆሙልንና «ውረዱ፣ አበባ እንይ» አሉን። እጅዎ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ስለዚህ በ1967 ሞዴል የመጣውን ዓይነት ለፊትና ለኋላ የተለያየ መስመር ያለው ፍሬን አስገባሁ። ሁለተኛው ኤሌክትሪኩ ነው። በ6 ቮልት መብራቷ ደብዛዛ ነው፤ ለአንድ ዓይነት ብርሃን ከ12 ቮልት እጥፍ ኮረንቲ ይፈልጋል፣ ያረጀ ሽቦና የላላ ማያያዣ ደግሞ ያንን ይበላዋል። ዲናሞውን፣ ኮይሉን፣ አምፖሎቹን ወደ 12 ቀየርኩ። የሞተር ማስነሻዋን የ6 ቮልቷን እንዳለች ተውኳት፤ በ12 ቮልት እንደ ፌንጣ ነው የምታስነሣው።

ቀለሟን ደግሞ ከጓንት ማስቀመጫው ጀርባ አገኘሁት። ከላይ ሦስት ጊዜ ተቀብታለች፤ እዚያ የተደበቀው ግን ማንም አልነካውም፣ ውሃ ሰማያዊ ነው። የኛው። ስቀባ ከውጭ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያስገባ ጭምብል ተውሼ ነው፤ የዘመኑ ቀለም ማጠንከሪያ ሳንባ ይጎዳልና ተራ መሸፈኛ አይበቃውም። እርስዎ በመሐረብ ብቻ አፍዎን አስረው የቀቡትን ሁሉ ሳስብ ሳልዎ ይጨንቀኛል። ይሄንንም ለሐኪሙ ይንገሩት።

ሞተሩን ያስነሣሁት ባለፈው እሑድ ነው። ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት ሞላሁ፣ ቀበቶውን በአውራ ጣቴ ተጭኜ ለካሁ። ቀበቶው ከተበጠሰ ማራገቢያው ይቆማል፣ ውሃ የሌለው ሞተር ደግሞ ያለ ነፋስ ይቃጠላል፤ «ቀይዋ መብራት ከበራች አንድ ሜትር እንዳትሄድ» ያሉኝን አልረሳሁም። በሦስተኛው ሙከራ ተነሣች። ሽማግሌው በር ላይ ቆመው ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔ እጄ ዘይት ስለነበር ፊቴን በክንዴ ጠረግሁ።

ግን ታንኳኳለች። ቫልቭ ነው፣ በግራ በኩል። ሦስተኛው ይሁን አራተኛው መለየት አቃተኝ። የዘይት ማቀዝቀዣው ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር የሚሄደውን ነፋስ ስለሚጋርድበት ከሌሎቹ ይበልጥ እንደሚግል ነግረውኛል። የላላ ቫልቭ ይጮሃል እንጂ አይጎዳም፣ የጠበቀው ዝም ብሎ ይቃጠላል ያሉኝንም አልረሳሁም። ጆሮዬ ግን የእርስዎ ጆሮ አይደለም።

አባባን እዚህ ላይ አሳርፊያቸው። የቀረው ላንቺ ነው።

ሠርግሽ ላይ አልገኝም። ወረቀቴ አላለቀም፤ አሁን ከወጣሁ መግባት አልችልም። ለአባባ «ሥራ አልፈቀዱለትም» በያቸው። ለባልሽ ግን እውነቱን ንገሪው፤ ወንድሟ ቸል ያላት እንዳይመስለው። የላክሽልኝን የሁለታችሁን ፎቶ ጋራዡ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ፊቱ ደግ ነው። ትልቅ ሰው መሆንሽን ማመን አቃተኝ፤ እኔ የማውቅሽ ከኋላ ወንበር ጀርባ ባለችው ጉድጓድ ውስጥ ተጠቅልለሽ፣ ሞተሩ ከጀርባሽ እያሞቀሽ እንቅልፍ ሲወስድሽ ነው። የዚህችን ወለል ስጠግን እዚያች ቦታ ላይ ስንት ጊዜ እጄን እንዳሳረፍኩ አትጠይቂኝ። አዲስ ምንጣፍ አልብሻታለሁ።

«ለዛገ ብረት» ያልሽኝን ትቼዋለሁ። አንቺም አምስቱን ወር ተዪልኝ።

ከዚህ ጋር የድምፅ ቅጂ ልኬልሻለሁ፤ አራት ደቂቃ ነው። የመጀመሪያው ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ፣ ሁለተኛው ከሞቀ በኋላ የቀረጽኩት ነው። ቤት ውስጥ ሰው ሳይበዛ፣ ሬዲዮው ጠፍቶ፣ ስልኩን ወደሚሰሙበት ጆሯቸው አስጠግተሽ አሰሚያቸው። ምን እንደሆነ አስቀድመሽ አትንገሪያቸው። ያሉትን ሁሉ ቃል ሳታስቀሪ ጻፊልኝ። የቫልቩን ክዳን አልከፈትኩትም፤ የትኛው እንደሆነ እሳቸው እስኪነግሩኝ አልከፍተውም።

ወንድምሽ