ሞተሯን ከመሸጥህ በፊት

ይድረስ ለወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ቤተሰብ ሁሉ ደህና? እኔ እዚህ ፍራንክፈርት ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ምን ያህል ተጠፋፋን! ሰሞኑን አንድ ወዳጃችን «ቢኤምደብሊዋን ሊሸጣት ነው፣ ባትሪ ጨረሰችብኝ ይላል» ሲለኝ ግን ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም። አትሽጣት። የእኔም እንዳንተው አር 80/7 ናት፤ ሕመሟን አውቀዋለሁ።

ባትሪ ለመግዛት አትቸኩል፣ መጀመሪያ ለካ። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ 12.6 ቮልት አካባቢ ካነበበ ባትሪው ደህና ነው። አስነስተህ ዙሯን በደቂቃ 4000 ስታደርሰው ደግሞ ከ13.5 እስከ 14.2 መውጣት አለበት። ካልወጣ ቻርጅ አታደርግም ማለት ነው። በሚኒሞ፣ ማለትም ጋዝ ሳትሰጣት፣ ቢያንስብህ አትደንግጥ፣ ተፈጥሮዋ ነው።

ቀጥሎ ቀዩን የቻርጅ መብራት እይ። ብዙ ሰው ማስጠንቀቂያ ብቻ ይመስለዋል። ቁልፉን ስትከፍት ወደ ሮተሩ፣ ማለትም ዲናሞው ውስጥ ወደሚሽከረከረው ጥምጥም ሽቦ፣ የሚሄደው የመጀመሪያ ኮረንቲ የሚያልፈው በዚያች አምፖል ነው። እሱ ካልደረሰው ሮተሩ ማግኔት አይሆንም፤ ዲናሞውም አያመነጭም። አንዲት ትንሽ አምፖል ተቃጥላ ስንቱ ባትሪ ቀይሯል! ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ከፍተህ ካልበራች መጀመሪያ እሷን ለውጥ።

አምፖሏ ደህና ሆና ካልበራች የሞተሩን የፊት ክዳን ክፈት። ግን አደራህን፣ ከዚያ በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀል። ከክዳኑ ሥር ያለው የዳዮድ ሰሌዳ ቁልፉ ቢዘጋም ኮረንቲ አለበት። ክዳኑ ከነካው አለቀለት።

ለሮተሩ ኮረንቲ የሚያቀብሉትን ሁለቱን ካርቦኖች እይ፤ ከማቀፊያቸው ሳይያዙ መውጣትና መግባት አለባቸው። ከዚያ ካርቦኖቹን አንስተህ የቴስተሩን ጫፎች ሁለቱ የሮተሩ የመዳብ ቀለበቶች ላይ አድርግ። 3.4 ኦም አካባቢ ማንበብ አለበት። ከቀለበቱ ወደ ማሳ (ወደ ሞተሩ ብረት) ግን ምንም ማንበብ የለበትም።

እኔን ያሰቃየኝ እዚህ ጋ ነው። ቀዝቃዛ ሳለ ትክክለኛውን ያነባል። ትንሽ ከተነዳች በኋላ ግን ቮልቱ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ቀዩ መብራት ጭራሽ አይበራም። የሮተሩ ሽቦ ሲበጠስ የአምፖሏ ኮረንቲ መሄጃ ያጣል፣ ስለዚህ ማንም አያስጠነቅቅህም። አንድ ቀን እንደጋለች አቁሜ፣ ኔጋቲቩን ነቅዬ፣ እጄ እየተለበለበ ለካሁት። ቴስተሩ ምንም አላነበበም። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ 3.4! ውስጥ ያለው ቀጭን ሽቦ ሲሞቅ ይለያያል፣ ሲቀዘቅዝ ይገጥማል። ባለሙያ እንደ አዲስ ጠምጥሞልኝ ገጠምኩት፤ ይኸው እስካሁን አንድም ቀን አላስቸገረችኝም። ስለዚህ ያንተንም በጋለችበት ለካ፣ በቀዝቃዛው አትመን።

ሮተሩ ደህና ከሆነ ቮልቱን የሚገታው ሬጉሌተር ይቀራል። ሶኬቱን ነቅለህ ሶኬቱ ላይ ያሉትን ዲ ፕላስ (D+) እና ዲ ኤፍ (DF) የተባሉትን ጫፎች በአጭር ሽቦ አገናኝና አስነሳት። ቮልቱ ሽቅብ ከወጣ ጥፋተኛው ሬጉሌተሩ ነው። ከጥቂት ሰከንድ በላይ ግን አታቆየው፣ የሚገታው የለም።

ሮተሩን ማውጣት ካስፈለገ መዶሻ እንዳታስጠጋ። የማውጫው መሣሪያ እኔ ጋ አለ፣ በፖስታ እልክልሃለሁ። የለካኸውን የቀዝቃዛውንም የጋለውንም ጽፈህ ላክልኝ፤ ከሥራ መልስ ማታ ማታ ስልኬ ክፍት ነው።

ወንድምህ