ፈቃዱ የእናንተ ነው፤ የካሜራማኑስ?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን በስልክም በመልእክትም አንድ ጥያቄ ተደጋግሞ ይደርሰናል። «የአደን ፈቃዴ በእጄ ነው። ካሜራማን ብቻ ላኩልኝ። ሌላ ወረቀት የምትጠይቁኝ ለምንድን ነው?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለእያንዳንዳችሁ በስልክ ከምናስረዳ አንዴ ጽፈን ብንልክላችሁ ይሻላል ብለናል።

የአደን ፈቃድ የሚሰጠው በሰው ስም ነው። ስሙ የተጻፈው ሰው ይተኩሳል። ከኋላው ለሚሄደው ወንድም፣ ጓደኛ ወይም ካሜራማን ያ ወረቀት አይሠራም። እነሱ የሚፈለግባቸው ነገር የሚወሰነው ጫካ ውስጥ በሚሠሩት ሥራ ነው። ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ጫካ ከገቡ በኋላ ሥራው ይደበላለቃል።

እኛ ራሳችን ተቀጥተን ነው ያወቅነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዱ ካሜራማን ልጃችን ከአንድ አዳኝ ጋር ማለዳ ወጣ። አቀበቱ ላይ ሲደርሱ አዳኙ በሁለት እጁ ድንጋይ መያዝ ነበረበት። «እስቲ አንዴ ያዝልኝ» ብሎ ጠመንጃውን አቀበለው። ልጃችን ካሜራውን ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አነገተ። አፋፉ ላይ ሲወጡ ሁለት የጥበቃ ሠራተኞች ቆመዋል። «ፈቃድህን» አሉት። «ካሜራማን ነኝ» አለ። ካሜራውን አላዩትም፣ ትከሻውን ነው ያዩት። ጉዳዩን ማስረዳት ግማሽ ቀን ፈጀ። የካሜራው ካርድ ወጥቶ አንድ በአንድ ታየ። በመጨረሻ ለቀቋቸው፤ ግን የቀኑ ብርሃን አልቆ ነበር። ጥፋቱ የእኛ ነው። ልጁን ስንልክ «ጠመንጃ እንዳትነካ» አላልነውም።

የጥበቃ ሠራተኞቹ ያለ ነገር አልጠየቁትም። በብዙ አገር ሕግ «አደን» ሲባል ጥይቱ ብቻ አይደለም። የአሜሪካው ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎች ሕግ እ.ኤ.አ. በ1973 ሲወጣ የከለከላቸውን ድርጊቶች ዘርዝሯል፦ ማዋከብ፣ መጉዳት፣ ማሳደድ፣ ማደን፣ መተኮስ፣ ማቁሰል፣ መግደል፣ ማጥመድ፣ መያዝ፣ መሰብሰብ። መሞከሩም ተጨምሮበታል። ዝርዝሩን ቆም ብላችሁ እዩት። ግማሹ ያለ ጠመንጃ የሚሠራ ነው። የተራውን አደን የሚመለከቱ ሕጎችም ብዙ ጊዜ እንዲህ ሰፊ ናቸው። ዱካ የሚከተል፣ በድምፅ አውሬ የሚጠራ፣ ቁጥቋጦ እየመታ ወደ ተኳሹ የሚነዳ ሰው በእነዚህ ሕጎች አዳኝ ሊባል ይችላል። አዳኝ ከተባለ ደግሞ የራሱ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ አደን የሚባል ነገር በሌለበት እንኳ ፈቃድ የሚጠይቅ ቀረጻ አለ። እ.ኤ.አ. የ1981ዱ የዱር እንስሳትና የገጠር ሕግ ልዩ ጥበቃ የሰጣቸው ወፎች አሉ። ጎጇቸው ላይ እያሉ ሊረብሻቸው የሚችል ሰው፣ ፎቶ ለማንሳትም ቢሆን፣ አስቀድሞ ፈቃድ ማውጣት አለበት።

ወደ ካሜራማኑ እንመለስ። መነጽሩን አንስቶ «ከዛፏ በስተግራ፣ ተኝቷል» ብሎ በሹክሹክታ ቢናገር ምን ይባላል? እየቀረጸ ነው ወይስ እየመራ? ለዚህ የሚከፈለው ከሆነ መሪ ነው ሊባል ይችላል፤ በብዙ ቦታ ደግሞ አዳኝ መምራት የራሱ ፈቃድ ያለው ሙያ ነው። ስለዚህ ልጆቻችን አውሬ ቀድመው ቢያዩም ዝም ይላሉ። ብትናደዱባቸውም ይህን እንዲያደርጉ ያዘዝናቸው እኛ ነን።

ምንም ሳይነካ ለማየት ብቻ የሚመጣ ሰውም ነጻ ነው ማለት አይደለም። ታንዛኒያን በመሳሰሉ የቱሪስት አደን ባለባቸው አገሮች ታዛቢ ራሱን የቻለ ክፍያ አለው፤ ስሙም ከአዳኙ ጋር አብሮ ይመዘገባል። ባለቤቴ ድንኳን ውስጥ ነው የምትቆየው የሚለው መልስ አያዋጣም።

የቀረጻ ፈቃድ ሌላ ወረቀት ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰጠውም ሌላ ቢሮ ነው፤ የአደኑን የእንስሳቱ መሥሪያ ቤት ሲሰጥ የቀረጻውን የመሬቱ አስተዳዳሪ ይሰጣል። ደንቡ ደግሞ ይለዋወጣል። በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮችና ሌሎች የፌዴራል መሬቶች እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ ዋናው ጥያቄ «ለገበያ ነው ወይስ ለራስህ?» የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የጸደቀው ሕግ ይህን ቀይሮታል። አሁን የሚታየው የቡድኑ ብዛትና በቦታው ላይ የሚያመጣው ጫና ነው። ሌላ አገር ግን የድሮው ጥያቄ አሁንም አለ። ዩቲዩብ ላይ ገንዘብ የሚያመጣ ቪዲዮ «ለትዝታ ነው» ተብሎ ቢመዘገብ የሚያምን መርማሪ አታገኙም።

ስለ ድሮን አጥብቃችሁ ትጠይቃላችሁ፤ መልሳችን አይሆንም ነው። የአሜሪካ ግዛቶች የሆኑት ኮሎራዶና አላስካ ድሮንን ለአደን መጠቀምን የከለከሉት እ.ኤ.አ. በ2014 ነው፤ ሌሎችም ተከትለዋል። ከአውሮፕላን ሆኖ እንስሳ ማሳደድ ደግሞ በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ የተከለከለ ነው። «ለውበቱ ብቻ ከላይ እንቅረጸው» ብትሉም ድሮኑ መልክዓ ምድሩን ይቀርጻል ወይስ አውሬውን ይፈልጋል ብሎ የሚለይ የለም። የሌሊት መብራትም እንደዚያው። ለካሜራው ያበራነው መብራት አውሬውን ካፈዘዘው በባትሪ ብርሃን ማደን ነው፤ ይህም በብዙ ቦታ ወንጀል ነው።

አንድ ነገር በግልጽ እንንገራችሁ። ቪዲዮው የሚያሳየው የእናንተን ጀግንነት ብቻ አይደለም። ሰዓቱን ያሳያል፤ ቦታውን ያሳያል፤ ማን ምን እንደያዘ ያሳያል። አሜሪካ ውስጥ የአደን ፕሮግራም የሚሠሩ ሰዎች ራሳቸው ባስቀረጹት ምስል ተከሰው ተፈርዶባቸዋል። ጥፋት ያለበትን ክፍል ቆርጣችሁ አውጡልን ብትሉን አናደርገውም። ዋናው ቅጂም አይሰረዝም።

ስለዚህ ከቀረጻው ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት የአደን ፈቃዳችሁን ቅጂ፣ የምትሄዱበትን የአደን ክልል ስም እና አብረዋችሁ የሚመጡትን ሰዎች ሁሉ ስም ላኩልን። ምግብ የሚያበስለውም ይቆጠራል። ቪዲዮው የት እንደሚወጣም ንገሩን። የቀረጻውን ፈቃድ እኛ እንጨርሳለን። የታዛቢዎችን ምዝገባ ግን አደኑን የሚመራላችሁ ባለሙያ ነው የሚያስጨርሰው፤ ማስረጃውን ሳናይ መኪና አናስነሳም።

ጫካ ከገባችሁ በኋላ ደግሞ ካሜራማናችንን «አንዴ ያዝልኝ» አትበሉት። አይቀበላችሁም።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀረጻ ቡድኑ