ለፀዲ፦ ስለ እንዶድ ጉዳይ

ውድ ፀዲ፣

እንዴት ከርመሻል? ልጆቹ ደህና ናቸው? እማማስ ጉልበታቸው ተሻላቸው?

ይኼን ያህል ጊዜ መጥፋቴ ልክ አይደለም። ከእህትሽ ሰርግ ወዲህ ስንቴ ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀምጫለሁ። ያን ማታ የተባባልነው... ይሁን፣ እሱን ስንገናኝ እናወራዋለን። በደብዳቤ አይሆንልኝም። ይቅር በይኝ ብቻ። ዛሬ የምጽፍልሽ ቸግሮኝ ነው፤ ከአንቺ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

እንዶድ ፈልጊልኝ፤ ያንን ልብስ የሚታጠብበትን ፍሬ።

ሳቂ አሁን! ዶርም እያለን የኔን ሳሙና እየጨረስሽ «ሳሙናው ያንቺ፣ ውሃው የኔ» ትይኝ አልነበር? ዕዳሽን የምትከፍይበት ቀን መጣልሽ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤታችን ውስጥ እየተጠቀምን የምንጥለውን ዕቃ አንድ በአንድ እየቀየርኩ ነው። በ2017 ዓ.ም. የወጣውን የፌስታል አዋጅ ሰምተሽ የለ? ይዞ የተገኘ ሰው ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል የሚለውን። የ1999ኙ አዋጅም ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊሜትር የማይበልጠውን ከልክሎ ነበር፤ ስሱ ፌስታል ግን ከገበያ ጠፍቶ አያውቅም። እኔን ከቅጣቱ በላይ ያነሳሳኝ የሰፈራችን ቱቦ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ፌስታል ይወትፈዋል፤ ጎርፉም ምድር ላይ ያሉት ጎረቤቶቻችን ቤት ይገባል። ፍራሻቸውን አውጥተው ፀሐይ ላይ ሲያሰጡ እያየሁ ፌስታል ይዤ መግባት ከበደኝ።

ስለዚህ ዘንቢል ገዛሁ። ለሽንኩርትና ለድንች ከአሮጌ አንሶላ ከረጢት ሰፋሁ። ለሥጋ ክዳን ያለው ሳህን ይዤ እሄዳለሁ። ሥጋ ቆራጩ መጀመሪያ ግራ ገብቶት ነበር፤ አሁን ገና ሲያየኝ ሳህኑን ለመቀበል እጁን ይዘረጋል። ደስ የሚለው ከዘንቢሉ በቀር ምንም ገንዘብ አላወጣሁም። ለአካባቢ ተስማሚ ነው እያሉ በውድ የሚሸጡት ነገር አለ አይደል? እሱን አልገዛም። ቤት ያለውን መጠቀም ይበቃል።

ወጥ ቤቱም እንደዚያው ነው። የሚበጣጠሰውን ስፖንጅ ትቼ ዕቃ የማጥበው በቃጫ ነው። ድፎ ስደፋ ፎይል አልፈልግም፤ ጎረቤቴ ጓሮ እንሰት አለ፣ ኮባ ትሰጠኛለች። ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር በአቼቶና በውሃ አፍልቼ አስለቅቀዋለሁ፤ ሎሚም ይሠራል። አደራሽን ግን አቼቶን ከበረኪና ጋር እንዳትቀላቅይ። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ይኼን ለሠራተኛሽም ንገሪያት፤ ብዙ ሰው ሁለቱ ሲደመሩ ይበልጥ ያጸዳሉ ይላል።

ትልቋ ልጄ ደግሞ አድጋለች ፀዲ። አንቺ ያዘልሻት ልጅ! በየወሩ የሚጣለው ሞዴስ ዋጋው አይቀመስም። እና የሚታጠበውን ገዛንላት። መቀሌ ላይ ፍሬወይኒ መብራህቱ «ማርያም ሰባ» ብላ የመሠረተችውን ፋብሪካ ታውቂው ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ብሎ የሸለማት ሴት ናት። በደንብ ከተያዘ እስከ ሁለት ዓመት ያገለግላል። ልጄ መጀመሪያ አፍራ ነበር። «እኔና ፀዲ በአንቺ ዕድሜ ምን እንደምንጠቀም ብታውቂ» ብዬ ስነግራት አፏን ይዛ ቀረች። አጥባ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፤ አበቃ። ይኼን ስጽፍልሽ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ለምን እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ።

አሁን ወደ እንዶዱ።

የዱቄት ሳሙና እዚህ በየጊዜው ይጨምራል። ግን እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ የእናቴ ጋቢ ነው። በዱቄት ሳሙና በታጠበ ቁጥር እየደረቀ፣ እየሻከረ ሄደ። እማማ ነጠላቸውን ያጥቡ የነበረው በእንዶድ እንደነበር ትዝ አለኝ። ከገበያ ትንሽ ገዝቼ ሞከርኩት። አረፋው ጉድ ነው! ጋቢው ሲደርቅ ለሰለሰ፤ ንጣቱም ደስ ይላል። ማታ ለብሼው ተቀመጥኩና አንቺን ብቻ አሰብኩ።

ታዲያ ጭንቀቴ ምን መሰለሽ? ለማኅበራችን ሴቶች ነገርኳቸው። ሁሉም ካላሳየሽን አሉ። ከመካከላቸው የሰው ልብስ አጥባ የምታድር አለች፤ ገቢዋን ሳሙናው ነው የሚበላባት። ለሚቀጥለው ማኅበር አሳያችኋለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። ግን ልኩን አላውቀውም! የሸጠችልኝ ሴትም አታውቀውም። ለአንድ ጋቢ ስንት እፍኝ ነው? ፍሬው የሚለቀመው አረንጓዴ ሳለ ነው ወይስ ሲቀላ? ከነዘሩ ይወቀጣል? ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ይደር ወይስ ወዲያው ይታሽ? ስወቅጠው አስነጠሰኝ፣ ዓይኔንም አቃጠለኝ። እማማ አፋቸውን በነጠላ ይሸፍኑ ነበር መሰለኝ፤ እርግጠኛ ግን አይደለሁም።

ቀልድ የሚወድ ነገር ደግሞ አይደለም። ከተዋጠ መርዝ ነው። ልጆች ያሉበት ቤት በጠርሙስ ዘፍዝፎ ማስቀመጥ አያስፈልግም።

የዶክተር አክሊሉ ለማን ነገር ትምህርት ቤት ተምረናል። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቢልሃርዚያ የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኟቸው። በዚያ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አግኝተዋል። እኔ ግን ይኼን ሳነብ ሐሳቤ የሚሄደው ወደ እነዚያ ሴቶች ነው። ስንት ሰው ስማቸውን ያውቃል? ልኩን ማን አስተማራቸው? ለማንስ አስተማሩት? የኔ እናት ሳልጠይቃት አለፈች። እማማ ግን አሉልን።

ደግሞ ቀንድ አውጣውን የገደለ ዓሣም ይገድላል። እኛ እዚህ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስናጥብ ወደ ፍሳሽ ቱቦ ነው የሚሄደው። ወንዝ ወርደው ለሚያጥቡት ግን ምን ልበላቸው? እማማ ያጠቡበትን ውሃ የት ነበር የሚደፉት? ከምንጩ ራቅ አድርገው ይሆን? ይኼን በደንብ ጠይቂልኝ።

ስለዚህ የምለምንሽ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ማርቆስ ገበያ የደረቀ እንዶድ ስታገኚ ትንሽ ቋጥረሽ በአውቶቡስ ላኪልኝ። በፌስታል እንዳይሆን ብቻ! ብሩን በቴሌብር አስገባልሻለሁ፤ አልቀበልም ብለሽ እንዳታስቀይሚኝ። ሁለተኛው ይበልጣል። አንድ ቀን ቡና አፍልተሽ ከእማማ ጋር ተቀመጪና ሁሉንም ጠይቂያቸው። በስልክሽ ድምፃቸውን ቅጂልኝ። እንዳታሳጥሪው፤ ወሬያቸው ሌላ ቦታ ቢሄድም ተያቸው ያውሩ። ስለ መፋቂያውም፣ ጋን ስለሚያጥቡበት ግራዋም የሚሉት ካለ ይግባ።

መምጣት ብችል ራሴ መጥቼ እግራቸው ሥር ቁጭ እል ነበር። ልምጣ እንዴ? ማለቴ... ደስ ካለሽ። አሁን አትመልሺልኝ፤ መጀመሪያ እንዶዱን ላኪ።

ለጌታቸው ሰላምታ። እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

ያንቺዋ ሙሉ

እንዳልረሳው፦ ባለ ቀይ ጥለት ነጠላ በእንዶድ ሲታጠብ ቀለሙ ይለቃል? እሱንም ጠይቂያቸው። ከማኅበሩ ሴቶች አንዷ የመልስ ነጠላዋን ይዛ ልትመጣ ነው፤ ከመንከሯ በፊት መልሱ ይድረሰኝ።